ባለ ዶሮዋ ውጅግራ

ጎንደር፣ መጋቢት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ውድ ባንቺአየሁ፣

አገኘኋት።

ደብዳቤ እንዲህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ የጤንነት ጥያቄ፣ ከዚያ የከብቱና የአዝመራው ነገር፣ ጉዳዩ በስተመጨረሻ እንደሚገባ ለሌላው የማሳየው እኔ ነኝ። ነገር ግን ከትናንት ዓርብ ቀትር ጀምሮ እጄ አንድ ቦታ አልተቀመጠም። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ሁለቱ ላይ ቀለም ደፍቼባቸዋለሁ። እንግዲህ ሥርዓቱ እንዳይቀር፦ እንደምን አለሽ? በሬዎቹ ደኅና ናቸው? እኔ ደኅና ነኝ። አገኘኋት!

ማንን እንዳገኘሁ ከመናገሬ በፊት ይህን ወረቀት የሚያነብልሽን ሰው ላነጋግር። መምሬ ማሩ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ባንቺአየሁ ፊደል እንዳልቆጠረች አውቃለሁ፤ የንስሐ አባቷ ስለሆኑ ደብዳቤው በእርስዎ በኩል እንደሚያልፍም አውቃለሁ። ጾም የጠናብዎ ዕለት ድርሳን ሲያነቡ መስመር ዘለው እንደሚያልፉ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ በሙሉ ያውቃል። ይህን ግን አንድም ሳይዘሉ ያንብቡልኝ። በተለይ እርስዎ ራስዎ ያሉበት ቦታ ሲደርሱ እንዳይስሉ። ሳል የመጣብዎ እንደሆነ ደብዳቤው እስኪያልቅ ይታገሡ።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። “አንቺ” ማለቴን ይቅር በይኝ። ባለ ትዳር ሆነሽ በኖርሽበት ዘመን ሁሉ ከሩቅ “እርስዎ” ስልሽ ኖሬአለሁ። በባልሽ በዋኘው ለቅሶ ላይ “እግዜር ያጽናዎት” ስልሽ ዘወር ብለሽ ከኋላሽ ማን እንዳለ ስትፈልጊ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አልደፈርሁትም።

እኔ ጠመንጃ ሰብሳቢ ነኝ። ይህን አንቺም፣ የጎንደር አራዳም፣ የምጽፍላቸው ዳኞችም ያውቃሉ። ሰው ጠመንጃ የሚይዘው ለጠላት ወይም ለአውሬ ነው፤ እኔ ለማየት ነው የምይዘው። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የተኮስሁት አራት ጊዜ ብቻ መሆኑን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንዱ ለጥምቀት ነው። አንዱ እኅቴ እናኑ ስትዳር ነው። አንዱ እናኑ ከባሏ ተጣልታ የተመለሰች ዕለት ነው፤ እሱ በደስታ አልነበረም፣ ስወለውል ባረቀብኝና የጎረቤታችንን ጣሪያ በሳሁ። አራተኛውን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

የመጀመሪያይቱን ታስታውሻታለሽ። በሠላሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጣሊያን ጎንደርን ለቆ በወጣ በሁለተኛው ወር ነው። ያን ጊዜ የጠመንጃ ደግነት በቁመት ይመስለኝ ነበር። የአጎቴን ውጅግራ አንግቼ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ወጣሁ። አንድ ጎራሽ፣ ከባድ፣ አሮጌ፤ አፈሙዟ ከራሴ በላይ ያልፋል፣ ሰደፏ ስራመድ ተረከዜን ይመታኛል። አንቺ ገብስሽን ዘርግተሽ ተቀምጠሻል።

“አንተ ሰውዬ፣” አልሽኝ፣ “አንተ ነህ ጠመንጃውን ይዘኸው የመጣኸው ወይስ እሱ ነው አንተን?”

“እየተጋገዝን ነው” አልሁሽ።

ሳቅሽ። ገብስ አልፈለግሁም ነበር፤ አንድ ቁና ገብስ ተሸክሜ ጎንደር ገባሁ። በሚቀጥለውም ገበያ እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም። በዚያ ዓመት በቤታችን ከገብስ በቀር የተበላ ነገር የለም። እናኑ ያን ጊዜ እስከ ዛሬ “የገብሱ ዘመን” ትለዋለች፤ ሌላው ሰው “የነጻነት ዓመት” ሲለው።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ገበያ የዶሮዋን ነገር አጫወትሽኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ የመኳንንቱ ጠመንጃ ላይ አንበሳ ተቀርጾ ታያለሽ። የአባትሽ የአያ ሰጠኝ ውጅግራ ግን ሰደፏ ባዶ ነው። አሳዘነችሽ። አባትሽ ከብት ሊያዩ በወጡበት ወስፌ እሳት ውስጥ አግለሽ አንበሳ ልትሥይላት ተቀመጥሽ። አንበሳ አይተሽ ስለማታውቂ የምታውቂውን ሣልሽ። ዶሮ ሆነች። ያውም ሦስት እግር ያላት ዶሮ። አባትሽ ተመልሰው ሲያዩ ገረፉሽ።

“ሦስተኛው እግር ለምን አስፈለገ?” ብዬ ጠየቅሁሽ።

“እግር አይደለም” አልሽ ተቆጥተሽ። “እንቁላል እየጣለች ነው።”

ይህን ከአንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን መምሬ ማሩ አውቀዋል። አባትሽ እንኳ በዱር በገደሉ ዘመን ጓደኞቻቸው ሲጠይቋቸው “ሌላው ከጠላት ፊት በሁለት እግሩ ይሸሻል፤ የእኔይቱ በሦስት እግሯ ትቆማለች” እያሉ ይመልሱ ነበር አሉ። የገረፉሽን ሥዕል የጦር ዓርማ አደረጉት።

ከዚያ ጠባዬ ተለወጠ። ጣሊያን ጥሎት የሄደው መሣሪያ በየጎሬው ሞልቶ ነበርና ረጅሙን ናቅሁ፤ አጭር፣ ቀላል፣ ከሁሉ በላይ አዲስ የሆነ ነገር አማረኝ። አዘዞ ከነበረው ዕቃ ቤት የወጣች አንዲት አጭር የጣሊያን ጠመንጃ አገኘሁ። በወረቀት የተጠቀለለች፣ በቅባት የተነከረች፣ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ማንም አንድ ጥይት ያልተኮሰባት። የአጎቴን ውጅግራ ሰጥቼ ወሰድኋት። አጎቴ ሁለት ዓመት አላነጋገረኝም። እኔም ልብ አላልሁትም፤ ከጠመንጃዋ ጋር ነበርሁ።

እንግዲህ መምሬ፣ ደርሰናል።

በሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት በጥር ወር መምሬ ማሩን ሽማግሌ አድርጌ አንቺን ልጠይቅ አባትሽ ቤት መጣሁ። የወገራን ሥርዓት እኔ ለአንቺ አልነግርሽም፤ ደብዳቤው ግን ጊዜ አልፎ የማያውቀው ሰው እጅ ቢገባ ይኸው፦ እንግዳ ደጃፍ ሲደርስ ባለቤቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጠመንጃውን ይቀበለዋል፤ ወስዶም ከራሱ ጠመንጃ ጎን በቀንድ ላይ ይሰቅልለታል። ሁለቱ ጠመንጃዎች አብረው እስከተሰቀሉ ድረስ ሁለቱ ሰዎች አይጣሉም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር።

አባትሽ ከደጃፍ ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

“ግቡ፣ ግቡ! በል ወዲህ በላት፣ ልጄ።”

“ግድ የለም፣ አያ ሰጠኝ፣ እኔው እይዛታለሁ።”

“ምነው? እንዳትከብደኝ ነው እንዳልል አጭር ናት።”

መምሬ ማሩ እግሬን ረገጡኝ። እኔ ግን ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥሁ፤ ጠመንጃዋን ከነጨርቋ ጭኔ ላይ አጋደምኋት። ፊት ለፊቴ ምሰሶው ላይ የአባትሽ ውጅግራ ተሰቅላለች፣ ዶሮዋ ወደ እኔ ዞራ። ከጎኗ አንድ ባዶ ቀንድ አለ። ነጭ፣ ገና ጭስ ያልነካው። አባትሽ ያን ቀንድ ለእኔ ጠመንጃ ብለው በዚያው ጧት እንደተከሉት ኋላ ከአንቺ ሰማሁ።

ምግቡ ቀረበ፣ ተበላ፤ እኔ በአንድ እጄ በላሁ። አባትሽ ሲያዩኝ ቆዩና “ልጄ፣ ጠመንጃህ ታማለች እንዴ?” አሉኝ።

“ኧረ የለም፣ አያ ሰጠኝ።”

“ታዲያ ምነው እንደ ሕፃን ታቀፍሃት?”

“አዲስ ናት። ቅባቷ ገና አልደረቀም።” እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። የተማረ ሰው ግን ምክንያቱን ሳይጨርስ አያቆምም። “የቤቱ ጭስ እንዳያበላሻት ብዬ ነው።”

እናትሽ ከጓዳ ስታንኳኳው የነበረውን ነገር ተወችው። ዓይኔን ወደ ሽማግሌዬ ወደ መምሬ ማሩ ወረወርሁ፤ አንድ የማስታረቂያ ቃል፣ አንድ ምሳሌ፣ አንድ “ልጅነት ነው” የሚል ንግግር ይወጣቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። መምሬ ማሩ ሳሉ። ረጅም ሳል ነበር፤ እስኪያልቅ ድረስ የእኔም ነገር አብሮ አለቀ።

አባትሽ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። “ሸጋ ናት” አሉ። “ጠመንጃህ ሸጋ ናት። እንግዲህ ጠመንጃውን ከእጁ የማያወጣ ሰው ልጄን በየትኛው እጁ ሊይዛት ነው?”

ጠመንጃዬን እንዳቀፍሁ ተነሥቼ ወጣሁ። ከአጥሩ ውጭ ደርሰሽብኝ በስሜ ጠርተሽ “ምነው ዳኛው፣ አንድ ቀን ብትሰቀል ምን ትሆን ነበር?” አልሽኝ።

“ጭሱ እኮ…”

“እኔስ በዚሁ ጭስ አይደል ያደግሁት?”

አጎንብሼ መንገዴን ቀጠልሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መልሱን ስፈልግ ነበር ብል የተጋነነ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ጠመንጃ ስፈልግ ነበር። መልሱ እዚያው ጠመንጃ ውስጥ እንደነበረ ያወቅሁት ዛሬ ጧት ነው። እደርስበታለሁ።

በዓመቱ ዋኘውን አገባሽ። ዋኘው ደኅና ሰው ነበር። ይህን የምለው ስለሞተ አይደለም፤ በሕይወት ሳለም እያረረኝ እለው ነበር። ያችን አጭር ጠመንጃ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማየት አስጠላኝ። በቅባቷ እንዳለች ለአንድ የሊቦ ሰው በምንሽር ለወጥኋት። ምንሽሩ አምስት ጎራሽ ነው፤ ያን ጊዜ በጎራሽ ብዛት አምን ነበር። አንዴ የሳተ ሰው አራት ጊዜ እንዲታረም የሚፈቅድለት ነገር ደስ አሰኘኝ። ጥቂት ቆይቶ ጸሐፊነት ተሾምሁና የመንግሥት ሰው ስሆን ለማኅተም አደርሁ፤ አንበሳ የተመታበት ቤልጅግ እስካገኝ እንቅልፍ አጣሁ። ሳገኘው ቢሮዬ ድረስ ይዤው ሄድሁ። ዳኛው፣ ማለቴ ስሜ ሳይሆን የችሎቱ ዳኛ፣ “አቶ ዳኛው፣ ይግባኝ የሚል አለ?” አሉኝ። ቤት መለስሁት።

በዚያው ቤልጅግ ነው አራተኛዋን የተኮስሁት። በአርባ ስድስት ዓመተ ምሕረት አባትሽ ሲቀበሩ ወደ ለቅሶው መግባት አፈርሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ቆሜ አየሁ፤ ወንድምሽ ባለ ዶሮዋን ውጅግራ ከሬሳው ፊት ፊት ይዞ ሲሄድ፣ ሰው ሲያለቅስ፣ ሲፎክር። ተኩሱ ሲጀመር እኔም አንድ ተኮስሁ። አያ ሰጠኝ የእኔን ጠመንጃ የሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው። አጠገቤ የነበረ ሰው “ምናቸው ነህ?” ብሎ ጠየቀኝ። “እንግዳቸው ነበርሁ” አልሁት።

ከዚያ ዕድሜዬ አርባ ሲጠጋ ደግሞ የጎራሽ ብዛትም ማኅተምም ሰለቸኝና ጥበብ አማረኝ። ጎንደር የቀረ አንድ ጣሊያን መካኒክ ነበር፤ ከእሱ ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ በቤልጅጉ ለወጥሁ። ሰደፉ እንደ መስታወት ያበራል፤ ብረቱ ላይ ሁለት ጅግራዎች ከቅጠል መካከል ሲነሡ ተቀርጸዋል፣ ላባቸው እስኪቆጠር ድረስ። ጅግራ አድኜ አላውቅም፤ እንኳን ጅግራ እናኑ የምታረባቸውን ዶሮዎች አሳድጄ አልይዝም። ግን ባለ ሁለት አፏን ከግድግዳው አውርጄ በመስኮቱ ብርሃን ሳገላብጣት እውላለሁ።

“ወንድሜ፣” አለችኝ እናኑ አንድ ቀን፣ “አንተ ሚስት ያላገባኸው ለምን እንደሆነ ደረስሁበት።”

“ለምንድን ነው?”

“ግድግዳው ሞልቶ ነው። ሴቲቱ ነጠላዋን የምትሰቅልበት የላትም።”

ያን ጊዜ ዐሥር ነበሩ።

በሃምሳ አንድ ዋኘው ሲያርፍ ለቅሶ መጣሁ። “እርስዎ” ባልሁሽ በዚያ ቀን ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠሽ የተናገርሽውን ሰምቻለሁ፤ ለእኔ አልነበረም የተናገርሽው። “የአባቴ ጠመንጃ ብትኖር ዛሬ ለዋኘው ትተኮስ ነበር” አልሽ። ወንድምሽ የአባትሽ ተዝካር ባለፈ በጥቂት ጊዜ በበቅሎ ለውጧት እንደነበረ፣ በቅሎዋም ሁመራ መንገድ ላይ እንደቀረች ያን ቀን ሰማሁ። “የት እንደ ደረሰች አናውቅም” አልሽ። ስለ ሰው የሚነገር ነበር የሚመስለው።

ለመጨረሻ ጊዜ ጠባዬ የተለወጠ ያኔ ነው። ሰዉ “አቶ ዳኛው ደግሞ አሮጌ ጠመንጃ ጀመሩ” አለ። እውነቱን አልነገርሁም። አንድ ውጅግራ እፈልጋለሁ ስል የማይጮኽ፣ ያረጀ፣ ሰደፉ የተፋቀ ነገር ሁሉ ደጄ ድረስ መጣልኝ። እየተቀበልሁ ሰደፉን ብቻ አገላብጬ አያለሁ። አንበሳ አገኘሁ፣ መስቀል አገኘሁ፣ የሰው ስም አገኘሁ፤ አንዱ ላይ “ጌታዬ ፈሪ ነው” የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ዶሮ የለም። ደባርቅ ሄድሁ፣ ጭልጋ ሄድሁ፣ በበቅሎ ጠለምት ወርጄ ወባ ይዤ ተመለስሁ። አራት ዓመት።

አሁን ስለ ትናንት።

አራዳ ላይ የጨውና የቆዳ ነጋዴ የሆነውን ከማሉዲንን ታውቂዋለሽ፤ አባትሽም ጨው ከአባቱ ይገዙ ነበር። ከእሱ ሱቅ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ተቀምጬ ጋዜጣ አነባለሁ፤ እሱ ዜናውን ሳላነብለት “ውሸት ነው” ይላል። ትናንት ዓርብ ስለሆነ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሰላት ሊዘጋ ተነሣ። ሁልጊዜ እኔ ቀድሜ እወጣለሁ። ትናንት ግን ውጭ ዝናብ ጣል ጣል ስላለ “በጓሮ በኩል አብረን እንውጣ” አለኝ። በሩን ገጠመው፤ ከበሩ ጀርባ አንድ ረጅም ነገር አንሥቶ እንደ መቀርቀሪያ ከዳር እስከ ዳር ሸጎረው። በጣራው ቀዳዳ የገባው ብርሃን እላዩ ላይ ወደቀ።

ዶሮ። ሦስት እግር።

ባንቺአየሁ፣ የሰብሳቢ የመጀመሪያ ትምህርት የፈለጉትን ዕቃ ሲያዩ ማዛጋት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ተለማምጄዋለሁ። አዛጋሁ። “ይቺ መቀርቀሪያህ አሮጌ ናት ልበል?” አልሁት።

ከማሉዲን ዞሮ አየኝ። “ጋዜጣህ ወድቋል” አለኝ።

እውነትም ወድቋል። ላነሣው ጎንበስ ስል ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠኝ።

“አንድ መንገደኛ በጨው ለውጦኝ ሄደ፤ ቆየ” አለ። “ይቺማ ጠመንጃ አይደለችም፣ ምላጯ ከወለቀ ዘመን የለውም። መቀርቀሪያ ነው የፈለግኸው? ወይራ አለ፣ ልስጥህ?”

“ከማሉዲን…”

“ቆይ። ዐሥራ አምስት ዓመት አውቅሃለሁ፤ ባለ ጅግራዋን ስታገኝ እንኳ እጅህ እንዲህ አልሆነም። እውነቱን ንገረኝ። ለግድግዳህ ከሆነ ይህችን የምሰጥህ በባለ ጅግራዋ ነው። ለሌላ ነገር ከሆነ ሌላ ነው። ለምንድን ነው?”

“ለ… የአንድ ሰው አባት ጠመንጃ ነበረች።”

“የማን?”

“የአንዲት ሴት።”

“አላህ ይድረስልን!” አለና መልሶ ተቀመጠ፤ ሰላቱ ሊያመልጠው ነው። “ልትመልስላት ነው ወይስ ልትጠይቃት?”

“ልመልስላት ነው።”

“ውሸት ነው” አለ፣ ልክ ጋዜጣውን እንደሚለው።

“…ልጠይቃትም ነው።”

“አልሰማሁም። ጎረቤቴም አልሰማ።”

“ልጠይቃት ነው!” አልሁ። ባንቺአየሁ፣ ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ ጥር መምሬ ማሩ ይናገሩልኛል ብዬ ነበር። ከወዲያኛው ሱቅ የከማሉዲን ሚስት ዙሌይካ “ማን ነው እሱ?” ብላ ስትጣራ ሰማሁ።

“ለትዳር ከሆነ መቀርቀሪያዬ በነጻ ነው” አለ ከማሉዲን። “ግን በሬን በምን ልዘጋ? ሰላት ደርሷል።”

ሮጬ ቤት ሄድሁ። በአርባ አራት ዓመቴ፣ ከነከረባቴ፣ በአራዳ መካከል ሮጥሁ። ባለ ሁለት አፏን ከግድግዳው አወረድሁ። እናኑ “ምን ሆንህ? ሌባ ነው?” አለች። “በር ልዘጋ ነው” አልኋት። አሁን በጎንደር ከተማ እንደ ከማሉዲን ያማረ መቀርቀሪያ ያለው ነጋዴ የለም፤ ሁለት ጅግራዎች ጨውና ቆዳ ይጠብቃሉ። ትንሽ አጠረች ይላል፤ ግን ታገለግለዋለች። ያችን ባለ ሁለት አፍ በመስጠቴ አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ እስከ ማታ ጠበቅሁ። ምንም።

የአባትሽ ውጅግራ አሁን የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች። ሰደፏ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል። ዛሬ ጧት እንደ ልማዴ ዘይትና ጨርቅ ይዤ መጣሁና እጄን ሰበሰብሁ፤ አልወለወልኋትም። አፍንጫዬን ወደ እንጨቱ አስጠጋሁ። ዘጠኝ ዓመት በበቅሎ፣ በጨውና በቆዳ መካከል ዞራ፣ እንጨቱ ውስጥ ያለው አሁንም የአባትሽ ቤት ጭስ ነው። “እኔስ በዚሁ ጭስ አይደል ያደግሁት?” ያልሽኝ ጊዜ መመለስ የነበረብኝ ይህን ነበር፦ ጭሱ ነው የሚበረክተው። ቅባቱ አንድ ክረምት አይሻገርም።

መልሱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘገየ። ፍርድ ቤት ውስጥ ከዚህ የዘገየም አይቻለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። መምሬ ማሩ ባለፈው ጥር ወር ጎንደር መጥተው ሳለ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ዓይናቸውን ወደ ሌላ አድርገው “ባንቺአየሁ ልጇን ድራ ጨርሳለች፤ ከፋሲካ በኋላ ዋልድባ ሄዳ ቆብ ልትደፋ ታስባለች” አሉኝ። ለምን እንደ ነገሩኝ አልጠየቅኋቸውም። ያኔ የሳሉትን ሳል ለመካስ ይመስለኛል። ከእግዚአብሔር ጋር ልሟገትሽ አልችልም፤ ይግባኝ የሌለበት ችሎት ነው። ግን ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ቆብም ይፈቀዳል፣ ሠርግም ይፈቀዳል። አንዱን ከመምረጥሽ በፊት ሁለቱንም ስሚ ብዬ ነው።

የማልዋሽሽ ነገር አለ። ሁሉንም ጠመንጃ ትቻለሁ ብዬ አልምልም። ምንሽሩን ጨምሮ ዘጠኙ አሁንም ግድግዳው ላይ ናቸው፤ እናኑ ሽንኩርት ታንጠለጥልባቸዋለች፣ እኔም መከላከል ትቻለሁ። የባለ ሁለት አፏ ቦታ ግን ባዶ ነው፤ ነጠላ ይበቃዋል። ካልበቃሽ አንዱን አውርጂ። የትኛውን ብለሽ አትጠይቂኝ፣ አንቺው ምረጪ።

የዳግም ትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ በመጀመሪያዋ ማኪና አምባ ጊዮርጊስ እወርዳለሁ። ሽማግሌ ይዤ አልመጣም፤ ሽማግሌ ይዤ መምጣትን ሞክሬዋለሁ። የአባትሽን ጠመንጃ አንግቼ በገበያው መካከል አልፋለሁ፤ አሁንም ከእኔ ትረዝማለች፣ ሳቂ ሳቂ ቢልሽ ሳቂ። ደጃፍሽ ቆሜ እጠራለሁ። አንቺ ትወጫለሽ።

ልብሽ ወደ ዋልድባ ከሆነ ጠመንጃዋን ከእጄ ተቀበይና “እግዜር ይስጥልኝ” በይኝ። የአባትሽ ናት፣ ያንቺ ናት፣ ምንም አልጠይቅባትም፤ በምትመለሰው ማኪና እመለሳለሁ።

ልብሽ ሌላ ያለ እንደሆነ ግን ሁለት እጅሽን ዘርጊልኝ። እንደ አባትሽ። ተቀበይኝና ወደ ቤት ግቢ፤ ያ የአባትሽ ምሰሶ ካንቺ ጋር እንዳለ አውቃለሁ፣ ቤቱ ሲታደስ እንዳልቀየራችሁት መምሬ ማሩ ነግረውኛል። በዚያ ጥር የተተከለው ቀንድ፣ ለእኔ ጠመንጃ ተብሎ ባዶውን የቀረው፣ አሁን ጠቁሮ ይሆናል። እሱ ላይ ስቀያት። በአባትሽ ቦታ ሳይሆን በእኔ ቦታ። ጠመንጃው የተሰቀለለት እንግዳ ሳይቀመጥ አይሄድምና እገባለሁ፤ እቀመጣለሁ።

አባትሽ የጠየቁኝን ያኔ እመልሳለሁ። በሁለቱም፣ አያ ሰጠኝ። በሁለቱም እጄ።

የቤትሽ እንግዳ
ዳኛው ወልደኢየሱስ

መምሬ ማሩ፣ ጨርሰዋል። አሁን ይሳሉ።